ኮምፓስ በሐዋሳ ሰማይ ላይ ለምን እንደ መጽሐፉ አይሳሳትም?

የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶች

በቅርቡ ከሐዋሳ የደረሱን አራት ደብዳቤዎች በአንድ ጉዳይ ላይ ያተኮሩ ሆነው ስላገኘናቸው፣ የዚህን እትም አምድ ሙሉ በሙሉ ለአውሮፕላን ኮምፓስ ሰጥተነዋል። ደብዳቤዎቹን ለቦታ ሲባል አሳጥረናቸዋል። መልሱን የጻፉልን በአውሮፕላን መሣሪያዎች ጥገናና በበረራ ትምህርት ለብዙ ዓመታት የሠሩ የአምዳችን ተባባሪ ናቸው።

ጥያቄ፦ ለንግድ ሥራ ከሐዋሳ ወደ አዲስ አበባ በአውሮፕላን እመላለሳለሁ። አንድ ቀን ስሳፈር የአብራሪዎቹ ክፍል በር ክፍት ስለነበር ወደ ውስጥ አየሁ። ከተደረደሩት ስክሪኖች ሁሉ በላይ፣ በፊት መስታወቱ መሃል፣ ፈሳሽ የተሞላች የምትመስል ትንሽ ኮምፓስ ተሰቅላለች። ያ ሁሉ ኮምፒዩተር እያለ ይህች ለምን ታስፈልጋለች? (ነጋዴ፣ ከመናኸሪያ ክፍለ ከተማ)

መልስ፦ ያዩት ኮምፓስ በዚያ ክፍል ካሉት መሣሪያዎች መካከል የማንንም እርዳታ ሳይጠይቅ የሚሠራ ነው። ኤሌክትሪክ ቢቋረጥ፣ ስክሪኖቹ ሁሉ ቢጠፉ፣ ሞተሮቹም ቢቆሙ እንኳ አቅጣጫ ማሳየቱን አይተውም፤ ከኤሌክትሪክ የሚፈልገው ነገር ቢኖር በሌሊት የምታበራለትን ትንሽ አምፖል ብቻ ነው። የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ደንብም አውሮፕላን ያለ መግነጢሳዊ ኮምፓስ እንዳይበር የሚያዘው በዚህ ምክንያት ነው።

በውስጡ ሁለት ትንንሽ የማግኔት ዘንጎች በአንድ ተንሳፋፊ ላይ ጎን ለጎን ታስረዋል። በተንሳፋፊው ዙሪያ ዲግሪ የተጻፈበት ቀለበት አለ፤ በሙያው ካርድ ይባላል። ይህ ሁሉ በአንዲት ሹል መርፌ ጫፍ ላይ፣ ከጠንካራ የከበረ ድንጋይ በተሠራ ጎድጓዳ ማረፊያ ተደግፎ፣ የተጣራ ላምባ በሚመስል ፈሳሽ ውስጥ ይዋኛል። ፈሳሹ የካርዱን ክብደት ከመርፌው ላይ ያቃልላል፣ መወዛወዙንም ያበርዳል። ሙቀት ሲለዋወጥ ፈሳሹ ስለሚሰፋና ስለሚኮማተር ከጀርባው የሚለጠጥ ቀጭን ሽፋን ይደረግለታል፤ ይህ ባይኖር ወይ ፈሳሹ ይፈስሳል፣ ወይ የአየር አረፋ ይገባበታል። አረፋ የታየበት ኮምፓስ ወደ ጥገና ክፍል መሄድ አለበት።

በካርዱ ላይ በየ30 ዲግሪው ቁጥር ይጻፋል፤ የመጨረሻው ዜሮ ስለሚቀር 3 ማለት 30 ዲግሪ፣ 33 ማለት 330 ዲግሪ ነው። አዲስ ተማሪን ግራ የሚያጋባው የቁጥሮቹ አደራደር ነው። ሰሜንን እያየ ምሥራቅን በስተ ቀኙ የሚጠብቅ ሰው በካርዱ ላይ በስተ ግራው ያገኘዋል። የዚህ ምክንያቱ ካርዱ የሚዞር ይምሰለን እንጂ ባለበት የሚቆም መሆኑ ነው። የሚዞረው በዙሪያው ያለው አውሮፕላን ነው፣ እኛም የምናነበው የካርዱን ወደ እኛ የዞረ ጀርባ ነው።

ለዕለት ተዕለት በረራ ግን አብራሪ በዚህ ኮምፓስ ብቻ አይመራም፤ ኮምፓሱ ይወዛወዛልና። በትንንሽ የማሠልጠኛ አውሮፕላኖች አቅጣጫን ረጋ ብሎ የሚያሳየው በጋይሮ፣ ማለትም በፍጥነት እየተሽከረከረ የያዘውን አቅጣጫ በማይለቅ መንኮራኩር፣ የሚሠራው መሣሪያ ነው። ይሁን እንጂ ጋይሮ ሰሜን የት እንደሆነ በራሱ አያውቅም። የነገሩትን አቅጣጫ ይዞ ይቆያል፤ ምድር ከሥሩ ስትዞር ደግሞ ቀስ በቀስ ይስታል። በምድር መዞር ምክንያት ብቻ የሚመጣው ስሕተት በሰዓት 15 ዲግሪ በኬክሮሱ ሳይን ተባዝቶ ይገኛል፤ ይህም 7 ዲግሪ ሰሜን ላይ በምትገኘው ሐዋሳ 1.8 ዲግሪ ገደማ፣ በለንደን ደግሞ 12 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። የመሣሪያው የራሱ ሰበቃ ሲጨመርበት ስሕተቱ ያድጋል። ስለዚህ አብራሪው በየ15 ደቂቃው ገደማ፣ አውሮፕላኑ ቀጥ ብሎ በእኩል ፍጥነት ሲበር፣ ኮምፓሱን አንብቦ ጋይሮውን ያስተካክላል።

በትልልቅ አውሮፕላኖች ብዙውን ጊዜ ይህን እርማት፣ ከብረታ ብረት ርቆ በክንፍ ጫፍ ወይም በጅራት አካባቢ የተቀመጠ መግነጢስ ለኪ መሣሪያ በራሱ ይሠራዋል። እንደ ቦይንግ 787 ባሉት ዘመናዊ አውሮፕላኖች ደግሞ በመንኮራኩር ፈንታ በብርሃን ጨረር የሚሠሩ የሌዘር ጋይሮዎች የምድርን መዞር ተመርኩዘው እውነተኛውን ሰሜን ያገኙታል፤ መግነጢሳዊውን ሰሜን ኮምፒዩተሩ ከተጫነለት የዓለም መግነጢስ ሠንጠረዥ ያሰላዋል። በእነዚህም ላይ ቢሆን ትንሿ ኮምፓስ ከቦታዋ አልተነሣችም።

ጥያቄ፦ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፤ ምኞቴ አብራሪ መሆን ነው። አጎቴ ከአውሮፓ ያመጣልኝን የእጅ ኮምፓስ ሐይቁ ዳር ወስጄ ስሞክረው የመርፌው ደቡባዊ ጫፍ ወደ ታች እያዘነበለ የኮምፓሱን ወለል ይነካል። ተበላሽቶ ይሆን? በሌላ በኩል ከኢንተርኔት ያገኘሁት የበረራ መማሪያ፣ ኮምፓስ ወደ ሰሜን ሲዞሩ ወደ ኋላ ይቀራል፣ ወደ ደቡብ ሲዞሩ ይቀድማል፣ ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ እየበረሩ ፍጥነት ሲጨምሩ ወደ ሰሜን የዞሩ ያስመስላል ይላል። ይህን በቃሌ ይዤዋለሁ፤ ምክንያቱ ግን አልገባኝም። (ተማሪ፣ ከታቦር ክፍለ ከተማ)

መልስ፦ ልጄ፣ ሁለቱ ጥያቄዎችህ በእውነቱ አንድ ጥያቄ ናቸው። ኮምፓስህም አልተበላሸም።

የምድር መግነጢሳዊ መስመሮች ሁልጊዜ ከምድር ገጽ ጋር ትይዩ ሆነው አይሄዱም። በደቡቡ ንፍቀ ክበብ ከመሬት ወጥተው ወደ ላይ ያቀናሉ፣ በመግነጢስ ምድር ወገብ ላይ ሲደርሱ አግድም ይተኛሉ፣ በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ደግሞ ወደ መሬት ይጠልቃሉ። በነፃነት የተንጠለጠለ ማግኔት እነዚህን መስመሮች ስለሚከተል፣ በለንደን ቢሰቀል ሰሜናዊ ጫፉ 66 ዲግሪ ያህል ወደ መሬት ያዘነብላል። በሙያው ይህ ዲፕ ይባላል። በዚያ አገር ማግኔቱን ወደ ታች የሚስበው ኃይል ወደ ሰሜን ከሚስበው ኃይል ከ2 እጥፍ በላይ ነው ማለት ነው። ለመንገደኛም ሆነ ለአብራሪ የሚጠቅመው አግድሙ ኃይል ብቻ ነው፤ ወደ ታች የሚስበው ችግር እንጂ ጥቅም የለውም።

የመግነጢስ ምድር ወገብ በትምህርት ቤት ከምናውቀው ምድር ወገብ የተለየ ነው። በአፍሪካ ላይ ወደ ሰሜን ጎብጦ፣ ኢትዮጵያን አቋርጦ፣ ከአዲስ አበባ ብዙ ሳይርቅ ያልፋል። በዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ1957 እና በ1958፣ ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባው የጂኦፊዚክስ ታዛቢ ጣቢያ በዓለም ተመራማሪዎች ዘንድ የታወቀው በዚህ ቦታው ምክንያት ነው። ቀን ቀን ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ባለው የሰማይ ክፍል የመግነጢስ ምድር ወገብን ተከትሎ የሚፈስስ የኤሌክትሪክ ጅረት አለ፤ ጣቢያው የዚህን ጅረት ምልክት ለአሥርተ ዓመታት መዝግቧል። ጅረቱ በአብራሪ ኮምፓስ ላይ የሚያመጣው ለውጥ በዓይን የሚታይ አይደለም፤ ሆኖም ይህን ያህል የታወቀ የተፈጥሮ ነገር ከራሳችን በላይ እንዳለ አንድ የሳይንስ ተማሪ ቢያውቅ ደስ ይለኛል።

ሐዋሳ ከዚህ የመግነጢስ ወገብ ትንሽ ወደ ደቡብ ትገኛለች። ስለዚህ በእናንተ ከተማ መስመሮቹ አግድም ለመሆን ጥቂት ዲግሪ ብቻ ይቀራቸዋል፤ ያም ጥቂት ዝንባሌ የመርፌውን ሰሜናዊ ጫፍ ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች አይወስደውም። አሁን ወደ አጎትህ ስጦታ እንመለስ። በአውሮፓ የሚሠራ የእጅ ኮምፓስ ሰሜናዊ ጫፉ ወደ መሬት እንዳይሰጥም በደቡባዊው ግማሽ ላይ ትንሽ ክብደት ይጨመርበታል፤ በዚያ አገር መርፌው የሚስተካከለው በዚህ ነው። ኮምፓሱ ሐዋሳ ሲደርስ ግን ሰሜኑን ወደ ታች የሚጎትተው ኃይል የለም፤ የተጨመረው ክብደት ግን አለ። ከሚዛን አንዱ ወገን ዕቃው ሲነሣ ሌላው ወገን ወዲያው እንደሚወርድ ሁሉ፣ ደቡባዊው ጫፍ ወረደ። ጥሩ ኮምፓስ ሠሪዎች ለልዩ ልዩ የዓለም ክፍሎች ለየብቻ የሚያመዛዝኑት በዚህ ምክንያት ነው። አንተ መርፌው ወለሉን እስኪለቅ ድረስ ኮምፓሱን በጥቂቱ ወደ ደቡብ አዘንብለህ ያዘው፤ መርፌው በነፃነት እንደዞረ አቅጣጫው ትክክል ይሆናል። እንዲያውም በእኛ አገር አግድሙ ኃይል ከለንደኑ ወደ 2 እጥፍ ስለሚጠጋ መርፌህ ቶሎ ይረጋል።

የአውሮፕላኑ ኮምፓስም ከዚሁ ዲፕ ጋር ይታገላል፣ ዘዴው ግን ሌላ ነው። ካርዱ የሚያርፍበት ነጥብ ከክብደቱ ማዕከል በላይ ይደረጋል፤ ስለዚህ ካርዱ እንደ ግንበኛ ቱንቢ ወደ ታች ተንጠልጥሎ ይኖራል። በለንደን ሰማይ ላይ ዲፕ ሰሜናዊውን ጫፍ ወደ ታች ሲጎትተው፣ የተንጠለጠለው ክብደት ይይዘዋል፤ በመጨረሻም ካርዱ ጥቂት ዲግሪ ብቻ አዘንብሎ ይቆማል። ካርዱ በማዘንበሉ ግን የክብደቱ ማዕከል ከማረፊያው ነጥብ ትንሽ ወደ ደቡብ ይሸሻል። በቃልህ የያዝከው የፍጥነት ስሕተት የሚመነጨው ከዚህች ትንሽ መሸሽ ነው።

አውሮፕላኑ ወደ ምሥራቅ እየበረረ ነው እንበል። ክብደቱ በደቡብ በኩል፣ ማለትም በአብራሪው ቀኝ ነው። አብራሪው ፍጥነት ሲጨምር፣ በአውቶቡስ ውስጥ የቆመ ሰው መኪናው በድንገት ሲነሣ ወደ ኋላ እንደሚንገዳገድ፣ ያ ክብደት ወደ ኋላ ይቀራል። የደቡቡ ወገን ወደ ኋላ ሲቀር የሰሜኑ ወገን ወደ ፊት ይመጣል፤ ካርዱ ይዞራል፣ ንባቡም ወደ ሰሜን ይንሸራተታል። አውሮፕላኑ ግን አንድ ዲግሪ እንኳ አልዞረም። ፍጥነት ሲቀነስ ተቃራኒው ይሆናል። በቀጥታ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ሲበሩ ክብደቱ በማግኔቱ መስመር ላይ ስለሚውል ካርዱ ያዘነብላል እንጂ አይዞርም።

የመዞሩ ስሕተት የሚመጣውም ከዚያው ዲፕ ነው። በለንደን ሰማይ ወደ ሰሜን ይበር የነበረ አውሮፕላን ወደ ቀኝ፣ ወደ ምሥራቅ መዞር ሲጀምር በቀኝ ክንፉ ላይ ያዘነብላል፤ የተንጠለጠለው ካርድም አብሮት ያዘነብላል። ካርዱ አግድም መሆኑን ሲያጣ ወደ ታች የሚስበው ኃይል ዕድል ያገኛል፤ ሰሜናዊውን ጫፍ ዝቅ ወዳለው ወገን፣ ወደ ቀኝ ይጎትተዋል። ካርዱ አውሮፕላኑ ወደሚዞርበት ወገን አብሮ ስለሚዞር ኮምፓሱ መዞሩን ወይ አያሳይም ወይ ጭራሽ ወደ ግራ የዞረ ያስመስላል። ከደቡብ ሲነሡ ያው ጉተታ ካርዱን በተቃራኒው ስለሚወስደው ንባቡ ከእውነቱ ቀድሞ ይሮጣል።

በአሜሪካ ሥልጠና ይህ መቅደምና መዘግየት ከቦታው ኬክሮስ ጋር በግምት እኩል ነው ተብሎ ይሰጣል፤ በ40 ዲግሪ ሰሜን ላይ ወደ ሰሜን የሚዞር ተማሪ ኮምፓሱ ሰሜንን ሊያሳይ 40 ዲግሪ ያህል ሲቀረው መዞሩን ማቆም ይጀምራል። ይህ ለዚያ አገር የሚያገለግል ልማድ ነው። አንተ በሐዋሳ ሰማይ ላይ 7 ዲግሪ ብለህ ብታሰላ ግን ትሳሳታለህ፤ ምክንያቱም ስሕተቱን የሚወልደው የካርታ ኬክሮስ ሳይሆን የመስመሮቹ ዝንባሌ ነው፣ እርሱም በእናንተ ዘንድ ትንሽ ከመሆኑ በላይ ወደ ሌላው ወገን ነው። በሐዋሳ ላይ ከሰሜን ወደ ምሥራቅ የሚዞር አውሮፕላን ኮምፓስ በዲፕ ምክንያት የሚሳሳተው በጣም ጥቂት ነው፤ ያችም ጥቂት ስሕተት መጽሐፉ ከሚለው በተቃራኒ ትሆናለች።

ይህን ያህል የዘረዘርኩት ምክንያት አለኝ። እኛ ዘንድ ተማሪዎች ይህን ሕግ በቃላቸው ያጠናሉ፣ በፈተናም በትክክል ይመልሳሉ፤ ከዚያም በመጀመሪያ በረራቸው ኮምፓሱ እንደ ሕጉ ሳይሆን ሲቀር ወይ መሣሪያውን ወይ ራሳቸውን ይጠራጠራሉ። ሕጉን ከምክንያቱ ነጥሎ ማስተማር በተለይ ለኢትዮጵያዊ አብራሪ የሚጎዳ ይመስለኛል። የእኛ አብራሪ በአንድ ወር ውስጥ ስቶክሆልምም ጆሃንስበርግም ሊደርስ ይችላል። በስቶክሆልም ሕጉ እንደ ተጻፈው ይሠራል፤ መስመሮቹ ከ60 ዲግሪ በላይ ወደ ላይ በሚያቀኑበት በጆሃንስበርግ ሕጉ ሙሉ በሙሉ ይገለበጣል፤ መነሻው በሆነው በአዲስ አበባ ደግሞ የለም ማለት ይቻላል። ዲፕን የተረዳ ሰው ሦስቱንም ከአንድ ሐሳብ ያወጣቸዋል።

ይህ ሲባል በሐዋሳ ላይ እየዞርክ ኮምፓስ አንብብ ማለቴ አይደለም። አውሮፕላን ሲዞር ፈሳሹም ተከትሎ ስለሚዞር ካርዱን ይጎትተዋል፤ ካርዱ ያለ መነካካት ማዘንበል የሚችለው 18 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ከስምጥ ሸለቆው ወለል የሚነሣው ሞቃት አየር ትንሽ አውሮፕላንን ሲንጠው ደግሞ ካርዱ አይረጋም። ቀጥ በል፣ ፍጥነትህን እኩል አድርግ፣ ጥቂት ጠብቅ፣ ከዚያ አንብብ።

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ ወደ ሐዋሳ ያለውን አቅጣጫ በካርታ ላይ ስለካ 190 ዲግሪ ገደማ አገኘሁ። አንድ የማውቀው ሰው ግን አብራሪ በኮምፓስ የሚይዘው ከዚህ ያነሰ ነው አለኝ። ልዩነቱ ከየት መጣ? ተማሪዎቼን ታቦር ተራራ ላይ ወስጄ ሁለት ኮምፓሶችን በተለያየ ቦታ ሳስነብባቸውም አልስማማ አሉ። (የጂኦግራፊ መምህር፣ ከሐይቅ ዳር)

መልስ፦ መምህር፣ የለኩት ትክክል ነው፤ ወዳጅዎም እውነቱን ነው። የካርታው ሰሜን የምድር ዛቢያ ጫፍ ነው፤ የኮምፓሱ ሰሜን ግን መግነጢሱ የሚያመለክተው ነው፣ ሁለቱም በአንድ ላይ አይገኙም። በሐዋሳና በአዲስ አበባ አካባቢ መግነጢሳዊው ሰሜን ከእውነተኛው ከ2 እስከ 3 ዲግሪ ገደማ ወደ ምሥራቅ ያዘነብላል። ልዩነቱ ምሥራቅ ሲሆን ከካርታው አቅጣጫ ይቀነሳል፣ ምዕራብ ሲሆን ይደመራል፤ ስለዚህ የእርስዎ 190 በኮምፓስ ላይ 187 ገደማ ይሆናል።

ሦስት ዲግሪ ትንሽ ትመስላለች። ከቦሌ እስከ ሐዋሳ በቀጥታ 217 ኪሎ ሜትር ያህል ነውና፣ ይህችን ሦስት ዲግሪ የረሳ አብራሪ መጨረሻው ላይ ከ11 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ምዕራብ ይወጣል። ሰማዩ ጥርት ባለ ቀን ጉዳት የለውም። ቆቃ፣ ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አቢጃታና ሻላ ተራ በተራ ይታያሉ፤ ከሻላ በኋላ የሐዋሳን ሐይቅ የማያገኝ አብራሪ አይኖርም። ሐይቆቹ በጉም በተሸፈኑ ቀን ግን 11 ኪሎ ሜትር ብዙ ነው።

ይህ ልዩነት ከዓመት ዓመት ይለወጣል። እ.ኤ.አ. በ1831 ጄምስ ክላርክ ሮስ የሰሜኑን መግነጢሳዊ ዋልታ በሰሜን ካናዳ በምትገኘው በቡቲያ ልሳነ ምድር ላይ አገኘው፤ ዛሬ ዋልታው ከዚያ ርቆ ወደ ሳይቤሪያ እያመራ ነው፤ በዚህ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በዓመት 50 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዝ ነበር። አውሮፕላኖች የሚጠቀሙበት የዓለም መግነጢስ ሞዴል በየ5 ዓመቱ ይታደሳል፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ግን የዋልታው ፍጥነት ከተተነበየው ስለበለጠ ከጊዜው በፊት እንዲታደስ ግድ ሆነ። በቦሌ ማኮብኮቢያዎች ጫፍ ላይ የተጻፉት 07 እና 25 የሚሉት ቁጥሮች መግነጢሳዊ አቅጣጫዎች ናቸው፤ 70 እና 250 ዲግሪ ገደማ ማለት ነው። መግነጢሱ ሲንቀሳቀስ እነዚህ ቁጥሮችም ይለወጣሉ። በፍሎሪዳ የታምፓ አየር ማረፊያ እ.ኤ.አ. በ2011 ለዚህ ሲል ማኮብኮቢያውን ዘግቶ 18 የነበረውን 19 ብሎ እንደገና ቀብቷል።

ስለ ታቦር ተራራ ደግሞ፣ የአካባቢያችሁ ድንጋይ እሳተ ገሞራ ወለድ ነው። በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ውስጥ መግነጢስነት ያላቸው የብረት ማዕድናት ይኖራሉ፤ መሬት ላይ ቆሞ ኮምፓስ የሚያነብ ሰው በአንዱ ዐለት አጠገብና ከእርሱ ራቅ ብሎ የተለያየ ንባብ ሊያገኝ ይችላል። ተማሪዎችዎ ሜዳ ላይ፣ ከዐለቱም ከብረት አጥርም ርቀው እንደገና ይሞክሩት። ከሺህ ሜትር በላይ ከፍ ብሎ የሚበር አውሮፕላን ይህን ዓይነቱን የትንሽ ድንጋይ ተጽዕኖ አያውቀውም።

ጥያቄ፦ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ። አንድ ደንበኛዬ ዳሽቦርዱ ላይ በማግኔት የሚይዝ የስልክ ማስቀመጫ ካስገጠመ ወዲህ በመኪናው የተገጠመችው ኮምፓስ የምታሳየው ሁሉ የተሳሳተ ሆነ። አውሮፕላን ብረትና ሽቦ የሞላበት ሆኖ ሳለ ኮምፓሱ እንዴት ይሠራል? (ከአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ)

መልስ፦ የአውሮፕላኑ አካል በአብዛኛው አሉሚኒየም ስለሆነ ማግኔትን አይስብም። ሞተሩ፣ ብሎኖቹ፣ የብረት ቧንቧዎቹ፣ ሬዲዮኖቹና ኤሌክትሪክ የሚያልፍባቸው ሽቦዎች ግን እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን መግነጢስ ያመጣሉ። ከዚህ የሚመጣው ስሕተት ዴቪየሽን ይባላል። መምህሩ ከጠየቁት ልዩነት የሚለየው የቦታ ሳይሆን የአውሮፕላኑ የራሱ በመሆኑና አውሮፕላኑ ፊቱን ባዞረ ቁጥር መጠኑ በመለዋወጡ ነው።

ስሕተቱ በተቻለ መጠን ይቀነሳል፣ የቀረውም ይጻፋል። ኮምፓሱ ሥር ሁለት ብሎኖች ያሉት ትንሽ ማስተካከያ አለ፤ ብሎኖቹ ትንንሽ ማግኔቶችን ያንቀሳቅሳሉ፤ አንዱ የሰሜን ደቡብን፣ ሌላው የምሥራቅ ምዕራብን ስሕተት ያርማል። አውሮፕላኑ ከሕንፃና ከተቀበረ ብረት ወደራቀ፣ አቅጣጫዎች ወደተሳሉበት ክብ ሜዳ ይወሰዳል። ሞተሩ እየሠራ፣ ሬዲዮኖቹም ተከፍተው፣ ልክ በበረራ ላይ እንዳለ ሆኖ ይለካል። ፊቱ ወደ ሰሜን ሲሆን ስሕተቱ በሙሉ ይወገዳል፣ ወደ ምሥራቅ ሲሆንም እንዲሁ፤ ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ ሲዞር ግን የሚታየው ስሕተት ግማሹ ብቻ ይወገዳል፣ ሁሉንም ካስወገዱት የቀድሞው ይበላሻልና። ከዚያ በየ30 ዲግሪው እየዞረ ይነበባል፤ የቀረው ስሕተት በትንሽ ካርድ ተጽፎ ከኮምፓሱ አጠገብ ይለጠፋል። በአሜሪካ ደንብ ለትንንሽ አውሮፕላኖች ከ10 ዲግሪ በላይ መቅረት የለበትም፤ ጥሩ ባለሙያ ከዚህ በጣም ያነሰ ያደርሰዋል። ብሎኖቹ የሚነኩት ማግኔትን በማይስብ፣ ለምሳሌ በነሐስ ካቻቢቴ ብቻ ነው።

ካቻቢቴውን መጥቀሴ ያለ ምክንያት አይደለም። በሠራሁበት አንድ ሃንጋር የአንዲት የማሠልጠኛ አውሮፕላን የኮምፓስ አምፖል ተቀይሮ ነበር። ከዚያ በኋላ ኮምፓሷ ወደ ምሥራቅ ስትዞር በጣም ትሳሳት ጀመር፤ ማስተካከያውን ምንም ያህል ብናዞረው አልታረም አለ። ከግማሽ ቀን በላይ ሬዲዮኑንና ሽቦዎቹን ስንጠራጠር ቆየን። በመጨረሻ በክር ያንጠለጠልነውን ትንሽ ማግኔት በየብሎኑ አጠገብ ስናሳልፍ አንዱ ብሎን ላይ ተለጠፈ፤ አምፖሉን የያዙት ብሎኖች የነሐስ ነበሩና አንዱ ወድቆ ስለጠፋ በብረት ተተክቶ ኖሯል። ጥፍር የምታህል ብሎን ናት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በኮምፓስ አካባቢ የሚገባ ማንኛውንም ብሎን በማግኔት ሳልሞክር አስገብቼ አላውቅም፤ ለሥራ ባልደረቦቼም ይህንኑ አስተምሬአለሁ።

ስለ ደንበኛዎ መኪና፣ የትንሽ ማግኔት ኃይል በርቀት በጣም በፍጥነት ይዳከማል፤ ርቀቱ 2 እጥፍ ሲሆን ኃይሉ ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። ማስቀመጫው አሁን ከኮምፓሷ 10 ሴንቲ ሜትር ላይ ከሆነ ወደ 40 ሴንቲ ሜትር ቢያርቁት ተጽዕኖው 64 ጊዜ ያንሳል። የዳሽቦርዱ ስፒከርም በውስጡ ጠንካራ ማግኔት አለውና ኮምፓሷን ከእርሱም ያርቋት፤ ከዚያ በኋላ መኪናውን ክፍት ሜዳ ላይ ሞተሩ እየሠራ በአራቱም አቅጣጫ እያዞሩ ይፈትሿት።